የደራሲ ቦርሳ

ሌሊት ስነቃ ከአፌ የሚወጣ ቁጥር አለ፤ 04817። የባንክ ሒሳቤ ቢሆን በወደድኩ።

ጥፋቱ የቦርሳ አምሮት ነው። አያቶቻችን ዳዊታቸውን ከተው የሚያነግቱት ማኅደር ዓይነት፣ ረጅም ማንገቻ ያለው፣ ጠርዙ በእጅ የተሰፋ የቆዳ ቦርሳ ፈልጌ ከለገሃር ተነሣሁ። በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ስወጣ ያልገባሁበት ሱቅ የለም። በከብት ብዛት ከአፍሪካ ግንባር ቀደም በሆነ አገር ተቀምጦ ቆዳ ማጣት! አንዱ ሻጭ ላይተር ለኩሶ፣ «እይ፣ አይነድም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አልነደደም፤ ቀለጠ። የቀለጠውን ጥግ በአውራ ጣቱ ሸፍኖ ዋጋውን ነገረኝ።

የእኔን ቦርሳ ያገኘሁት ዋናውን ፖስታ ቤት አለፍ ብዬ ነው። ቡናማ፣ የናስ ዘለበት ያለው፣ ሲከፍቱት ቆዳ ቆዳ የሚሸት። 6,500 ብር ተጠርቶ በ5,200 ተስማማን። ስገባ «ወንድሜ» ያለኝ ልጅ፣ ቦርሳውን ሳነግት «ጋሼ» አለኝ። እንደ ማዕረግ ተቀበልኩት። አዲስ ደብተር ከትቼበት፣ መነጽሬን አጥልቄ፣ በየሱቁ መስታወት ራሴን ሰረቅ አድርጌ እያየሁ ወደ ፒያሳ አዘገምኩ።

አቋራጭ ብዬ በታጠፍኩበት መንደር አንዲት እናት ከቆርቆሮ በር ብቅ አሉ። ዓይናቸው ቦርሳዬ ላይ አረፈ።

«አንባቢ ነህ አይደል?»

5,200ው ብር በአንዲት ቃል ተመለሰልኝ። አንገቴን ሰበር አድርጌ፣ «አዎ እማማ፣ እንደ አቅሜ» አልኳቸው።

«ታዲያ ምን ይገትርሃል? ግባ። ቆጣሪው ከሽንት ቤቱ አጠገብ ነው።»

አይደለሁም ለማለት ግማሽ ትንፋሽ ይበቃ ነበር። ግን «እንደ አቅሜ» ብሎ ደረቱን የነፋ ሰው ምን ብሎ ይመለሳል? ገባሁ። ጭቃው ላይ ቁጢጥ አልኩ። የተሰጣ ብርድ ልብስ ማጅራቴ ላይ ይንጠባጠባል። ደብተር ላወጣ ብል ዘለበቱ አልከፈት አለ፤ የጎረቤት ልጅ ማንኪያ አመጣልኝ።

እማማ ከላዬ ቆመዋል። «ባለፈው ወር ሳታነቡ ነው የጻፋችሁት! ሁልጊዜ ሳታነቡ ትጽፋላችሁ!»

እንዲህ ያለ ሒስ ደርሶብኝ አያውቅም። በማን ስም እንደሆነ ባላውቅም ይቅርታ ጠየቅኩ። የእኔን ቤት ቆጣሪስ ማን አይቶት ያውቃል? ሒሳቡ ግን አንድም ወር ቀርቶ አያውቅም።

«ጮክ ብለህ!» አሉ። ዜሮ፣ አራት፣ ስምንት፣ አንድ፣ ሰባት። የመጨረሻዋ ላይ ጠብ ተነሣ። ማንኪያ ያመጣው ልጅ አንድ ናት አለ። እማማ፣ «አንድ ከሆነች ለምን ጎበጠች?» ብለው ተቆጡ። አንድ ጡረተኛ በፒጃማ ተጠርተው መጡ፤ መነጽሬን ከፊቴ ላይ ወስደው፣ ተንበርክከው፣ መስታወቱን በምራቃቸው አሽተው ረጅም ጊዜ መረመሩ። ዕቃ የሚያጥቡት ሴቶች እንኳን እጃቸውን አቆሙ። «ሰባት» ሲሉ ግቢው ተነፈሰ። ጻፍኩ። ከአዲሱ ደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ እስከ ዛሬ ያለው እሱ ብቻ ነው።

እማማ እስከ በሩ ሸኙኝ። ቁጣቸው በርዶ ነበር፤ ቦርሳዬን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው ከንፈራቸውን መጠጡልኝ።

«ምነው ልጄ፣ መሥሪያ ቤታችሁ አዲስ አይገዛላችሁም?»