የሚያሸማቅቅ ኮሜዲ፦ ከማየት ወደ መጻፍ

አጫጭር የኮሜዲ ትዕይንቶችን መጻፍ የምትለማመዱ ወዳጆቼ፣ ሰሞኑን የያዝኩትን ላካፍላችሁ። የሚያሸማቅቀውን ኮሜዲ እያጠናሁ ነው፤ ወጣቱ ክሪንጅ የሚለውን። ገጸ ባሕርዩ ሰው ፊት ራሱን ያዋርዳል። እሱ አያፍርም፤ ተመልካቹ ግን በሱ ፋንታ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመኛል። እኔ ይህን ዓይነት ኮሜዲ ከልቤ እወደዋለሁ። እህቴ ደግሞ አንድ ክፍል እንኳ አትጨርስም። ሪሞቱን ቀምታኝ ታጠፋና "ኧረ በናትሽ፣ ይሄ ምኑ ያስቃል?" ትለኛለች። ጥሩ ጥያቄ ነው። ጥናቴም የተነሳው ከሱ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ እንግሊዙ "ዘ ኦፊስ" ነው። ሪኪ ጀርቬይስና ስቴፈን መርቻንት የፈጠሩት፣ በ2001 በቢቢሲ የጀመረ ሲትኮም፣ ማለትም ተከታታይ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ዘጋቢ ፊልም አስመስለው ነው የሠሩት። የቢሮውን ውሎ የሚቀርጽ ካሜራ አለ፤ ሠራተኞቹም መኖሩን ያውቃሉ። አለቃው ዴቪድ ብሬንት ራሱን የሁሉም ጓደኛና ትልቅ ቀልደኛ አድርጎ ያያል። ቀልድ ጣል ያደርጋል፤ ማንም አይስቅም። እሱ ግን ካሜራውን ሰረቅ አድርጎ ያይና ይቀጥላል።

ከ1950ዎቹ ጀምሮ ብዙ የአሜሪካ ሲትኮሞች የተቀዳ ሳቅ ያስገቡ ነበር። ቻርሊ ዳግላስ የሚባል የድምፅ ባለሙያ ለዚሁ ሥራ የሚሆን ማሽን ሠርቷል። ያ ሳቅ ተመልካቹን "አይዞህ፣ ቀልድ ነው" ይለዋል። "ዘ ኦፊስ" ውስጥ የለም። ዝምታ ብቻ ነው ያለው። ልሳቅ ወይስ ልፈር የሚለውን የምንወስነው ራሳችን ነን። ለእኔ ደስታው እዚያ ነው፤ የት ቦታ መሳቅ እንዳለብኝ ማንም አይነግረኝም።

ቀጥሎ ድምፁን አጥፍቼ ማየት ጀመርኩ። ይህን ልምምድ ለሁላችሁም እመክራለሁ። ድምፅ ሲጠፋ ዓይን ከተናጋሪው ላይ ይነሳና ወደ ሰሚዎቹ ይሄዳል። አንዷ ወረቀት ታገላብጣለች። አንዱ አቀርቅሮ ጠረጴዛውን ያያል። ሌላው ፈገግ ሊል ይሞክርና መሀል ላይ ይተወዋል። ሳቁን የሚያመጣው የነሱ ፊት ነው! የተናጋሪው ቃል ብቻውን ወረቀት ላይ ቢቀመጥ ብዙም አያስቅም።

ይህን ይዤ ወደ ራሴ ጽሑፍ ገባሁ። አንዲት ሠራተኛ ሥራ ልትለቅ ነው፤ አለቃዋ የስንብት ንግግር ያደርጋል።

"ሂሩት ከእኛ ጋር ስድስት ዓመት ሠርታለች" ይላል።

"ስምንት" ትላለች ሂሩት፣ ቀስ ብላ።

"ስምንት! አያችሁ፣ ከእኔ ጋር ጊዜው እንዴት እንደሚሮጥ!"

በቀድሞው ረቂቅ አለቃው እዚህ ጋ ይቅርታ ጠይቆ ያልፍ ነበር። አሁን መታረሙንም ለራሱ ምስጋና አደረገው። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ማንም አይናገርም። ሂሩት የወረቀት ኩባያዋን ካንዱ እጇ ወደ ሌላው ታዛውራለች፣ በቃ። ጮክ ብዬ ሳነበው አንድ ጓደኛዬ በሳቅ ፍርስ አለ። አጠገቡ የነበረችው ደግሞ "አሳዘነችኝ" አለች። ሁለቱም ያዩት ያንኑ ኩባያ ነው።

ሁሉም ማሸማቀቅ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ከ2000 እስከ 2024 በአሜሪካው ኤች ቢ ኦ ቴሌቪዥን የታየው "ከርብ ዩር ኢንቱዝያዝም" ውስጥ ራሱን ሆኖ የሚተውነው ላሪ ዴቪድ ነገሩ እንደከረረ በደንብ ያውቃል። ግን አይለቅም፣ ይከራከራል። አንዳንዴም እውነቱ ከሱ ጋር ነው። ሙሉ ቃለ ተውኔት እንኳ የለውም፤ የታሪኩ ንድፍ ይጻፋል፣ ንግግሩን ተዋናዮቹ እዚያው ይፈጥሩታል። የሰዎቹ መደናገጥ እውነተኛ የሚመስለው ለዚህ ይመስለኛል። እኔ ግን ይበልጥ የምወደው የማያውቀውን ሰው ነው፣ እንደ ብሬንት ያለውን። እልኸኛውን አደንቀዋለሁ፤ ለማያውቀው ግን አንጀቴ ይላወሳል።

አሁን ወደ እህቴ ጥያቄ። ፒተር ማግሮውና ኬለብ ዋረን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2010 ያቀረቡት ሐሳብ ብዙ ረድቶኛል። ሰው የሚስቀው አንድ ነገር ትክክል እንዳልሆነና ጉዳት እንደሌለው በአንድ ጊዜ ሲሰማው ነው ይላሉ። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ሳቅ የለም። በዚህ መነጽር፣ ከእንግሊዙ ተወስዶ ከተሠራው ከአሜሪካው "ዘ ኦፊስ" በ2009 የታየ አንድ ክፍል ደግሜ አየሁ። አለቃው ማይክል ስኮት ከአሥር ዓመት በፊት ለአንድ የመማሪያ ክፍል ሕፃናት የኮሌጅ ክፍያችሁን እችላለሁ ብሎ ቃል ገብቷል። ገንዘቡ የለውም። ልጆቹ አድገው፣ ሊመረቁ ተቃርበው፣ ዘፈንና ጭፈራ አዘጋጅተው ያመሰግኑታል። እሱ ተቀምጦ ያያል። በመጨረሻ እውነቱን ተናግሮ የላፕቶፕ ባትሪ ያድላቸዋል።

ተከታታዩን የሚወዱ ሰዎች ሳይቀሩ ይህን ክፍል ዘለው የሚያልፉት ያለ ምክንያት አይደለም። ብሬንት ሲዋረድ የሚጎዳው ራሱ ነው። እዚህ የተጎዱት ልጆቹ ናቸው። "ጉዳት የለውም" የሚለው ግማሽ ለብዙ ሰው እዚህ ጋ ይጠፋል። ለእኔ ባትሪው እስኪመጣ ድረስ ቆየ፤ ለእህቴ ገና ዘፈኑ ሲጀመር አለቀ።

በ2011 የወጣ አንድ የአንጎል ጥናትም አለ። ሰው ሌላው ሲያፍር ሲያይ፣ የሌላውን ሕመም ሲያይ የሚሠሩት የአንጎል ክፍሎች ይነቃሉ። እንግዲህ ሪሞቱን የምትቀማኝ ሴት ቀልድ የማይገባት ሆና አይደለም። ያው ስሜት እሷ ዘንድ ጠንክሮ ይመጣል። እኔ ያንን ስሜት አልፌ ሳቅ አገኛለሁ፤ እሷ ሕመሙ ላይ ትቆማለች። ቀልድ የማይገባው ሰው የለም ልል አይደለም፣ ግን በዚህ ዘውግ ፊትን በእጅ መሸፈን ምኑም የድንቁርና ምልክት አይደለም።

የእኔም ወሰን አለ። የሚሸማቀቀው ሰው ተዋናይ ካልሆነ ሳቄ ይቆማል። "ቦራት" (2006) የተባለው ፊልም ውስጥ ብዙዎቹ ሰዎች ከፊታቸው ያለው የተፈጠረ ገጸ ባሕርይ መሆኑን አያውቁም ነበር። ሥራው ድፍረትም ብልሃትም አለው። ቢሆንም ጨዋ ሆኖ ያስተናገደው ሰው ፊት ሲለዋወጥ ሳይ ዓይኔን እመልሳለሁ። ይህን ከልባቸው የሚስቁበት ጓደኞች አሉኝ፣ አብረን ደግሞ ብዙ ሌላ ነገር እናያለን።

አሁን እየጻፍኩ ያለሁት የሂሩትን ትዕይንት ቀጣይ ክፍል ነው። አለቃው ስጦታ ይሰጣታል፤ ስጦታው የሱ ፎቶ ያለበት ነው። እሷ ምን እንደምትል ገና አልወሰንኩም። የሚቀጥለውን ረቂቅ ስልክላችሁ አንድ ነገር ብቻ አድርጉልኝ፦ ማንበብ ያቃታችሁ ወይም ሳቅ ያመለጣችሁ መስመር ላይ ምልክት አድርጉ፣ የትኛው እንደሆነም ጻፉበት።