የግሎቢን ጂኖች የጥናት ማስታወሻ፦ ሁለተኛው ወር

ኦክስጅን ተሸካሚ ፕሮቲኖች በእንስሳት ዓለም እንዴት እንደመጡ ከሥራ መልስ በማታ ማጥናት ከጀመርኩ ሁለት ወር ሞላኝ። ሙያዬ የሂሳብ አያያዝ ነው፤ ስለዚህ አብረን ለምንማር ጓደኞቼ የማካፍለው በአብዛኛው የት እንደተሳሳትኩ ነው። የምሠራው ዩኒፕሮት በተባለው ነፃ የፕሮቲን መረጃ ቋትና የአሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ ክፍሎች) ቅደም ተከተሎችን ጎን ለጎን በሚደረድረው ክለስታል ኦሜጋ በተባለው ፕሮግራም ነው።

የመጀመሪያው ስህተቴ ከሁሉ የከፋው ነበር። ኦክስጅን መሸከም አንድ ሥራ ስለሆነ ሠራተኞቹም የአንድ አያት ልጆች ይሆናሉ ብዬ፣ በሰው ደም ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢንና ይህንኑ ሥራ በጊንጥና በኦክቶፐስ የሚሠራውን ሄሞሲያኒን በአንድነት አስገብቼ የዘር ሐረግ አወጣሁ። ፕሮግራሙ የሰጡትን ሁሉ ይደረድራል እንጂ «እነዚህ አይዛመዱም» ብሎ አይመልስም፤ ሐረጉም ለዓይን ያማረ፣ ትርጉም ግን የሌለው ሆነ። ጥርጣሬ የገባኝ ርዝመታቸውን ሳይ ነው፤ የሰው ሄሞግሎቢን አልፋና ቤታ ከሚባሉ ሰንሰለቶች የተሠራ ሲሆን፣ አልፋው 141 አሚኖ አሲዶች ብቻ ሲኖሩት የጊንጡ ከ600 በላይ ናቸው፣ የኦክቶፐሱ ደግሞ ወደ 2,900 ይጠጋሉ። ሄሞግሎቢን ኦክስጅንን የሚይዘው ሄም በተባለው ክፍል መሃል ባለ ብረት ሲሆን፣ ሄሞሲያኒን ግን በሁለት የመዳብ አተሞች መካከል ይይዘዋል፤ ደሙም ኦክስጅን ሲያገኝ ሰማያዊ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ይባስ ብሎ የአርትሮፖዶች (የጊንጥ ወገን) እና የሞለስኮች (የኦክቶፐስ ወገን) ሄሞሲያኒን በስም አንድ ቢሆኑም፣ መዳብ ከሚይዙ የተለያዩ ጥንታዊ ፕሮቲኖች በየፊናቸው የመጡ ናቸው። በአንዳንድ የባሕር ትሎች የሚገኘው ሄሜሪትሪንም ብረት አለው፣ ሄም ግን የለውም። እኔ እንደ አንድ ቤተሰብ የቆጠርኳቸው ሥራው ያገናኛቸው ባዕዳን ነበሩ።

ግሎቢኖችን፣ ማለትም ሄሞግሎቢንንና ዘመዶቹን ብቻ ለይቼ እንደገና ስጀምር ሁለት ማታ የፈጀ ሌላ ግራ መጋባት ገጠመኝ። መጻሕፍቱ ብረቱን የሚይዘው ሂስቲዲን የተባለ አሚኖ አሲድ በአልፋ ሰንሰለት 87ኛ፣ በቤታ 92ኛ ቦታ ላይ ነው ይላሉ፤ እኔ ስቆጥር ግን 88 እና 93 ይመጣብኛል። ለካ መረጃ ቋቱ ፕሮቲኑ መሠራት ሲጀምር የሚገባውንና ኋላ ተቆርጦ የሚወድቀውን ሜቲዮኒን የተባለ አሚኖ አሲድ አብሮ ይቆጥራል። (የአንድ ብር ጉድለት ፍለጋ ሌሊት ያደረ የሂሳብ ሠራተኛ ስሜቱን ያውቀዋል።) ቁጥሩ ከተስተካከለ በኋላ የታየኝ ነገር ግን ድካሙን የሚክስ ነበር፤ የሰው አልፋና ቤታ የሚመሳሰሉት ከግማሽ ባነሰ ቦታቸው፣ ከጡንቻው ማዮግሎቢን ጋር ደግሞ በሩብ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ያ ሂስቲዲን በሦስቱም ዘንድ ከቦታው አልተነቃነቀም።

አልፋና ቤታ የአንድ ጂን መባዛት ውጤቶች ናቸው፤ ዛሬ በሰው ላይ የአልፋዎቹ ጂኖች በክሮሞሶም 16፣ የቤታዎቹ በክሮሞሶም 11 ላይ ተለያይተው ይገኛሉ። በ2020 የታተመ ጥናት የጠፉትን ጥንታዊ ፕሮቲኖች ቅደም ተከተል ከዛሬዎቹ ተነሥቶ በመገመትና በቤተ ሙከራ መልሶ በመሥራት፣ ሁለት ሰንሰለት የነበረው ፕሮቲን እንደ ዛሬው ሄሞግሎቢን ወደ አራት ሰንሰለት ጥምረት እንዲያድግ ሁለት የአሚኖ አሲድ ለውጦች ብቻ ይበቁ እንደነበር አሳይቷል። ይህን ያህል ትልቅ ነገር በሁለት ለውጥ ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር።

ጂን ይባዛል ብቻ ሳይሆን ይጠፋልም። በአንታርክቲካ ዙሪያ የሚኖሩት የበረዶ ዓሦች ሄሞግሎቢን እንደሌላቸው በ1954 ተዘግቧል። በአብዛኞቹ ዝርያዎቻቸው የቤታው ጂን ፈጽሞ ሲጠፋ፣ ከአልፋው ሥራ የማይሠራ ቁራጭ ቀርቷል። ቀዝቃዛ ውሃ ብዙ ኦክስጅን ስለሚያሟሟ ቀለም በሌለው ደማቸው ይኖራሉ።

በስምንተኛው ሳምንት ወደ ቤት ተመለስኩና የጭላዳን ሄሞግሎቢን ከሰው ጋር አስተያየሁ። ጭላዳ በሰሜን ተራሮች ከፍታ ላይ የሚኖር እንስሳ ስለሆነ፣ በአልፋ ሰንሰለቱ ላይ ለውጥ ስመለከት ለስስ አየር የተበጀ መላ ነው ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ደፍሬ ጻፍኩ። በ2022 የታተመው የጭላዳ ጂኖም ጥናት ግን ፕሮቲኑን ራሱን ፈትሾ፣ ለውጦቹ ለጭላዳ ብቻ የተለዩ ቢሆኑም ኦክስጅን የመያዝ ኃይሉ ከሰው ሄሞግሎቢን ጉልህ ልዩነት እንደሌለው አሳይቷል። ያቺን ገጽ አልቀደድኳትም፤ በቀይ ሰርዤ አጠገቧ «ፊደል ተለወጠ ማለት ሥራ ተለወጠ ማለት አይደለም» ብዬ ጻፍኩባት።

ቀጥሎ የምይዘው ላምፕሬይ የተባለውን መንጋጋ አልባ ዓሣ ነው። እሱም ቀይ ደምና ሄሞግሎቢን አለው፤ ሆኖም በ2010 የታተመ የዘር ሐረግ ትንተና እንዳመለከተው የእሱ ሄሞግሎቢን ከእኛው አልፋና ቤታ ይልቅ ሳይቶግሎቢን ለተባለው ሌላ ግሎቢን ይቀርባል፤ ኦክስጅንን በደም የማዘዋወሩ ሥራም በዚሁ በግሎቢኖች ቤተሰብ ውስጥ ሁለት ጊዜ ለየብቻው ተጀምሯል። ቅደም ተከተሎቹን አውርጃለሁ፤ በዚህ ጊዜ ሜቲዮኒኑን አስቀድሜ አውጥቻለሁ።