ለእንቁጣጣሽ ጫጩት ማስፈልፈል፦ ከልጆች ጋር የ21 ቀን ቆጠራ

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ልጅ ይሰለቻል። ትምህርት ቤት አልተከፈተም፣ ግቢው ጭቃ ነው፣ ቴሌቪዥኑም ታይቶ ታይቶ አልቋል። እኔ ለዚህ ጊዜ የያዝኩት መላ ዶሮ ማስታቀፍ ነው። የዶሮ እንቁላል ለመፈልፈል 21 ቀን ይፈጅበታል። ነሐሴ 15 ማታ የታቀፈ እንቁላል ቀኑን ሲቆጥር ቆይቶ መስከረም 1 ይፈለፈላል። ጳጉሜ 6 ቀን በምትሆንበት በዘመነ ሉቃስ፣ ለምሳሌ በ2019፣ በአንድ ቀን ገፍቶ ነሐሴ 16 ማስታቀፍ ነው። እርግጥ ዶሮ ሰዓት አክባሪ አይደለችም። ግማሽ ቀን ልትቀድም፣ አንድ ቀን ልትዘገይ ትችላለች። ይህን ለልጆቹ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል፤ አለዚያ የአዲስ ዓመት ጠዋት በለቅሶ ይጀመራል።

መጀመሪያ የምታቅፍ ዶሮ ማግኘት ነው። የውጭ ዝርያ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች የማቀፍ ባህሪያቸው በምርጫ እንዲጠፋ ስለተደረገ አይሆኑም፤ የሐበሻ ዶሮ ናት የምትሆነው። ምልክቷ አይጠፋም። ከጎጆዋ አልነሳም ትላለች፣ ስትጠጓት ላባዋን አቁማ ታጉረመርማለች፣ እጅ ስትሰዱ ትነቁራለች፣ የሆዷ ላባም ተነቃቅሎ ቆዳዋ ይታያል። ግን አንድ ቀን ስላኮረፈች ብቻ እንቁላል አትስጧት። ሁለት ያረጁ እንቁላሎች አስቀምጡላትና ሦስት ሌሊት ሙሉ ከተኛችባቸው የምሯን ነው። ወደ ሌላ ቦታ የምታዛውሯት ከሆነ በጨለማ ነው። በቀን ያዘዋወርኳት ዶሮ ወደ ድሮ ቦታዋ ተመልሳ ባዶ መሬት ስታቅፍ አግኝቻታለሁ።

ጎጆው ርዝመቱም ወርዱም 40 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ካርቶን ወይም አፉ የሰፋ የተሰበረ ገንቦ ሊሆን ይችላል። ከታች 5 ሳንቲ ሜትር ያህል አፈር አድርጋችሁ መሐሉን እንደ ሳህን ጎድጎድ አድርጉት፤ እንቁላሎቹ ወደ መሐል እንዲሰበሰቡ ነው። በላዩ የጤፍ ጭድ። ጭዱ ላይ ሁለት እፍኝ የተነፋ አመድ በትኑ። ሦስት ሳምንት ሳትነቃነቅ የምትቀመጥ ዶሮ ቅንቅን ከወረራት አቋርጣ ትነሳለች፤ አመዱ ለዚህ ነው። ቦታው ጨለም ያለ፣ ዝናብ የማይገባበት፣ ሰው የማይመላለስበት ጥግ ይሁን።

የብዙ ሰው ሥራ የሚበላሸው እንቁላሉ ላይ ነው። ሱቅ የሚሸጠው የእርባታ እንቁላል አብዛኛው አውራ ዶሮ ከሌለበት ቤት የመጣ በመሆኑ አንድ ወር ቢታቀፍም አይፈለፈልም። አውራ ዶሮ ካላት ጎረቤት ማምጣት ነው። የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ስለሆነ በዚያ ሰሞን እንቁላል በየቤቱ ይጠራቀማል፤ ማግኘቱ ቀላል ነው። ችግሩ ያው መጠራቀሙ ነው። በጾሙ መጀመሪያ የተጣለው ለማስታቀፍ አርጅቷል። ከ7 ቀን ያለፈው የመፈልፈል ዕድሉ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ነሐሴ 8 ቀን ጎረቤቴ ዘንድ እርሳስ አደርሳለሁ፤ ከዚያ ወዲህ የሚጣለው ላይ ሁሉ ቀኑ ይጻፍበታል። በእስክሪብቶ ወይም በማርከር አይሁን፤ ቅርፊቱ ቀዳዳ ስላለው ቀለም ወደ ውስጥ ይገባል። እስኪታቀፍ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ፣ ሾጣጣው ጫፍ ወደ ታች ሆኖ ይቀመጣል፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ግን አይገባም። አይታጠብም። የቆሸሸውን ተዉት፣ ጥሩ ቁርስ ነው።

ስንት እንቁላል? ልጆቹ ሃያ ይላሉ። ለአንዲት የሐበሻ ዶሮ 10፣ ገላዋ ሰፋ ያለ ከሆነ 12 ይበቃል። ተጨማሪ ሲደረግ አንዱ ከላባዋ ስር ብቅ ይልና ይበርዳል። ዶሮዋ እንቁላሎቹን በቀን ብዙ ጊዜ እያገላበጠች ቦታ ስለምታለዋውጣቸው ዛሬ የበረደው ነገ መሐል ይገባል፣ መሐል የነበረው ደግሞ ዳር ይወጣል። እንዲህ እየዞረ ሁሉም ተራ በተራ ይበርዳል። አንድ ተጨማሪ እንቁላል አሥሩን የሚያበላሸው በዚህ መንገድ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት እያንዳንዱ ልጅ የራሱን እንቁላል መርጦ ስሙን እንዲጽፍበት አድርጌ ነበር። አታድርጉት። ያልተፈለፈለው እንቁላል ባለቤት የሚሆነው ልጅ ምንም ብትሉት አይጽናናም። አሁን ከ1 እስከ 10 ቁጥር ብቻ ነው፤ እንቁላሉ የሁሉም ነው።

የልጆቹ የየቀን ሥራ ጠዋት አንድ ጊዜ ነው፤ ጥሬ (በቆሎ ወይም ስንዴ) እና ንጹሕ ውኃ ከጎጆው አንድ እርምጃ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ። ዶሮዋ በቀን አንዴ ለ15 ወይም 20 ደቂቃ ተነስታ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ አቧራ ላይ ትንከባለላለች፣ እጅግ የሚሸት ትልቅ ኩስ ትጥላለች። ልጆቹ ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ይህንን ነው፤ ምን ይደረጋል። ሰዓቷን ካወቁ በኋላ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቋታል። በርጩማ ሁለት ሜትር ርቆ ይቀመጣል፣ ከዚያ ማለፍ የለም።

በ7ኛው ቀን፣ ነሐሴ 22 ማታ፣ እንቁላል በብርሃን ይታያል። የሶፍት ማንከባለያ ካርቶኑን በስልክ መብራት ላይ ማቆም፣ የእንቁላሉን ድቡልቡል ጫፍ አፉ ላይ ማስደገፍ። ክፍሉ ድቅድቅ ጨለማ መሆን አለበት፤ መብራት የሄደበት ምሽት ለዚህ ሥራ ሲሳይ ነው። ሕይወት ያለው እንቁላል ውስጥ ከአንድ ጥቁር ነጥብ ተነስተው እንደ ሸረሪት ድር የተበተኑ ቀይ የደም ሥሮች ይታያሉ። ዝም ብላችሁ ከያዛችሁት ነጥቡ ይንቀሳቀሳል። እዚህ ላይ ልጆቹ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ ከፍልፈላውም ይልቅ እኔን የሚያስደስተኝ ይህ ምሽት ነው። ጥርት ብሎ ብርሃን የሚያሳልፈው ዘር የለውም። ቀይ ቀለበት ብቻ የሚታይበት ጀምሮ የሞተ ነው። ሁለቱንም አውጡ፤ ቢቆዩ ይገሙና ጎጆ ውስጥ ይፈነዳሉ። ቡናማ ቅርፊት ከነጩ ይልቅ አሻግሮ ለማየት ያስቸግራል፤ ከተጠራጠራችሁ መልሳችሁ ነሐሴ 29 ድጋሚ እዩት። ያን ጊዜ ደህናው እንቁላል ከአየር ኪሱ በቀር ጨልሞ ይታያል። አንዱ ከአንድ ደቂቃ በላይ እጅ ላይ አይቆይ።

18ኛው ቀን ጳጉሜ 3 ላይ ይውላል። ከዚያ ወዲያ እንቁላል አይነካም፣ አይታይም፤ ጫጩቱ ለመውጣት ቦታውን እያስተካከለ ነው። ቀኑ የሩፋኤል መሆኑ ግጥምጥሞሽ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ሩፋኤልን ፈታሔ ማኅፀን ስለምትለው አያቶች ይህን ሲሰሙ በጣም ደስ ይላቸዋል። ልጆቹም እንቁላሉን ይረሱታል፣ ምክንያቱም የሩፋኤል ዝናብ ሲጥል ወጥተው ይጠመቁበታል። ደረቅ ልብስና ትኩስ ሻይ ማዘጋጀት ብቻ ነው የእናንተ ፋንታ።

ጳጉሜ 5 ላይ ከዶሮዋ ስር ጩኸት ይሰማል። ጫጩቱ ቅርፊቱን ሳይሰብር ውስጥ ሆኖ ነው የሚጮኸው፤ እናቲቱም ቀስ ባለ ድምፅ ትመልስለታለች። መጀመሪያ ትንሽ ስንጥቅ፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ። ከስንጥቁ እስከ መውጣቱ እስከ 24 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። በዚህ ጊዜ የቅርፊቱ ሽፋን ላይ ያለው ደም ወደ ጫጩቱ እየገባ፣ የቀረው አስኳልም በሆዱ እየተሳበ ነው። ልጅ አዝኖ «እንርዳው» ይላል፤ የረዳችሁት ጫጩት ደም ፈስሶት ሊሞት ይችላል። እጃችሁን ኪስ አግቡ።

የአስኳሉ ስንቅ ሁለት ቀን ያህል ስለሚያቆየው የመስከረም 1 ጫጩት ምግብ አያስፈልገውም፤ እናቱ ራሷ ይዛቸው እስክትነሳ ተዋት። ስትነሳ ተቀቅሎ በደንብ የደቀቀ እንቁላልና የተሸረከተ በቆሎ፣ ከተገኘም የጫጩት ቀለብ። ውኃው በጠፍጣፋ ክዳን፣ ውስጡ ጠጠር ተደርድሮበት፤ ጠጠሩ ጫጩት እንዳይሰምጥ ነው። ወለሉ ጭድ ይሁን፤ ሰጋቱራ ምግብ መስሏቸው ይለቅሙታል፣ ጋዜጣ ደግሞ ያንሸራትትና እግራቸው ግራና ቀኝ ተበልቅጦ ይቀራል። ቂጡ ላይ ኩስ የደረቀበት ካለ በለብ ያለ ውኃና በጥጥ ማላላት እንጂ መንጨት አይገባም።

አሁን ወደ ትልቁ አደጋ። ለበዓል ከገበያ የመጣው አውራ ዶሮ ነው። የፈንግል በሽታ ከቤት ቤት የሚዞረው ብዙ ጊዜ በበዓል ሰሞን ገበያ ነው፤ እኛ ደግሞ ያንን ዶሮ ጫጩቶቹ ባሉበት ግቢ እናስረዋለን። በገዛችሁበት ቀን የሚታረድ ግዙ፣ ካልሆነ ሌላ ቤት ይደር፤ ላባውና የሆድ ዕቃውም ይቀበር። የፈንግል ክትባት ቢሾፍቱ የሚመረት ሲሆን በእንስሳት ክሊኒክ ይገኛል። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሚሆን ከጎረቤት ጋር ተዋጥቶ በአንድ ቀን ማስከተብ ያዋጣል። ክትባቱ ሙቀት ስለማይወድ በበረዶ ተይዞ ይመጣል፣ ከተበጠበጠም ያንኑ ቀን ያልቃል።

ከዚያ ጭልፊት አለች። እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ጫጩቶቹ ያለ ሰው ሲሆኑ ትልቅ ቅርጫት ደፍቶ ማዋል ነው። ማታ የአይጥና የሸለምጥማጥ ነው፤ አንድ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ሁሉ ይደፈን። የቤት ውሻ መጀመሪያ ታስሮ በሽቦ ውጭ ሆኖ ያሽትታቸው፣ ሳምንት ሙሉ። ጫጩት ሮጦ ሲንጫጫ ግን የዋሁም ውሻ ይረሳል፤ ብቻቸውን አይተዉ። መስከረም 16 ማታ ርችትና ጭስ ሳይጀመር ዶሮዋን ከነልጆቿ፣ ውሻውንም እንደዚያው፣ ቤት ማስገባት ነው።

መያዝን በተመለከተ ሕጉ አጭር ነው። ልጁ መሬት ላይ ይቀመጣል፣ በሁለት እጁ ይይዛል፣ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ይመልሳል፣ እጁን በሳሙና ይታጠባል። መሳም የለም፤ ሳልሞኔላ ጤነኛ በሚመስል ጫጩት ላይም ይኖራል። ከ5 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ማየት እንጂ መያዝ ባይጀምር ይሻላል።

በዚህ መሐል ጓሮው ራሱ ተለውጧል። ነሐሴ ላይ አረም ብላችሁ ካልነቀላችሁት አደይ አበባው ወጥቷል፤ ስለዚህ ከአጥሩ ስር አንድ ሜትር ያህል ሳይኮተኮት እተዋለሁ። ልጆቹ ሲቆርጡ በመቀስ ከመሐል ይቁረጡ፤ ከሥሩ የተነቀለ ዘር ሳይጥል ስለሚያልቅ በዓመቱ ቦታው ባዶ ይሆናል። አንዷን አበባ በምላጭ ለሁለት ክፈሉና አሳዩዋቸው። አንድ አበባ የመሰለን የብዙ ጥቃቅን አበቦች ጉባኤ ነው፤ ዳር ያለው እያንዳንዱ ቢጫ ቅጠል እንኳ ራሱን የቻለ አበባ ነው። የመስቀል ወፍም ያኔ ትታያለች። በዚህ ስም የምንጠራቸው ወፎች ከአንድ በላይ ሲሆኑ ብዙዎቹ ከሩቅ አገር አይመጡም። ወንዱ ሌላውን ጊዜ እንደ ድንቢጥ ቡናማ ሆኖ አጠገባችን ይከርምና ለመራቢያው ወቅት ላባውን ይቀይራል። ልጆቹ ይህን ከሰሙ በኋላ በኅዳርም በታኅሣሥም እያንዳንዷን ድንቢጥ መጠራጠር ይጀምራሉ።

አንድ ነገር ከጳጉሜ በፊት ተነጋገሩበት። ከሚፈለፈሉት ግማሽ ያህሉ አውራ ይሆናሉ፤ በአንድ ግቢ ሁለት ካደጉ ይዋጋሉ፣ ጎረቤትም ሌሊት አይተኛም። ልጆቹ ስም ያወጡለትን አውራ ለፋሲካ ማረድ የሚሆን ነገር አይደለም። እኔ እንቁላሉን ከሰጠችኝ ጎረቤት ጋር ገና ሲጀመር ተዋውዬ አውራዎቹን በየካቲት እንለዋወጣለን፤ የእነሱ ወደ እኛ ድስት፣ የእኛ ወደ እነሱ። የቀሩት ቄቦች ስድስት ወር ሲሞላቸው እንቁላል መጣል ይጀምራሉ።