የጌም ጠመንጃ ከጥይቱ ይጀምራል

ለጌም ጠመንጃ ስትሠሩ መጀመሪያ ጥይቱን በልኩ ሞዴል አድርጉት። የክላሽንኮቭ ጥይት ርዝመት 56 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ ካዝናው ከፊት ወደ ኋላ ከዚያ ሊጠብ አይችልም። የካዝናው ጉብጠትም ለጌጥ አይደለም፤ ቀለሁ (ባሩዱን የያዘው የጥይቱ ክፍል) ከሥሩ ሰፋ፣ ወደ ጫፉ ጠበብ ስለሚል 30 ጥይት ሲደራረብ ራሱ ይጎብጣል። ይህን ጥይት በቀጥ ያለ ረጅም ካዝና ብታሳዩት የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይነቃል።

አብዝቶ የሚበላሸው ግን አኒሜሽኑ ነው። በክላሽንኮቭ ቀኝ በኩል ያለው ማቀባበያ (ጥይት ለማጉረስ የሚሳበው እጀታ) በየተኩሱ ወደ ኋላ ሄዶ ይመለሳል፤ ቆሞ ከታየ መሣሪያው በድን ይመስላል። ለዚያ ጉዞ ከካዝናው በስተኋላ ክፍት ቦታ ተዉለት። ጥይት ሲያልቅም ማቀባበያው ከኋላ ተከፍቶ አይቀርም፤ ስለዚህ ባዶ ካዝና ሲቀየር እጅ ማቀባበያውን መሳብ አለበት። በርሜል ውስጥ ጥይት እያለ ከተቀየረ አያስፈልግም። ሁለቱንም ለየብቻ አኒሜት አድርጉ።