ከራሱ ቻርጀር ሌላ አልቀበል ያለ የእጅ ጌም፦ ችግሩን እንዴት እንዳገኘሁት

በእጅ የሚያዝ ትንሽ የጌም መጫወቻ አለኝ። አብሮት በመጣው ቻርጀርና ኬብል ሲሰካ ያለ ችግር ይሞላል። በስልኬ ቻርጀር፣ በላፕቶፔ ቻርጀር ወይም በሌላ አዲስ ቻርጀር ስሰካው ግን የቻርጅ መብራቱ ብልጭ እንኳ አይልም። ቀዳዳው ዩኤስቢ-ሲ ነው፤ ኬብሎቹም ልክክ ብለው ይገባሉ። እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው «ከኦርጅናሉ ሌላ አይወስድም» ብሎ ይተወዋል። ኦርጅናሉ ቻርጀር የጠፋ ወይም የተቃጠለ ቀን ደግሞ ጤነኛው ዕቃ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ይህ በጣም ያንገበግበኛል፤ የችግሩ ምክንያት የሚታወቅ፣ መፍትሔውም ቀላል ነውና።

ፍለጋውን የጀመርኩት ደህና የሆነውን ከጥርጣሬ በማውጣት ነው። ጌሙ በራሱ ቻርጀር እስከ መጨረሻው ይሞላል፣ የሞላው ባትሪም ይቆያል። ስለዚህ ባትሪውም ውስጥ ያለው የቻርጅ ክፍልም ደህና ናቸው። ዕቃውን አጥፍቼ፣ ቀዳዳውን በስልክ መብራት እያየሁ ብናኙን በእንጨት ስቴኪኒ አወጣሁ። መርፌም ሆነ ሌላ ብረት እዚያ መግባት የለበትም፤ ፒኖቹን፣ ማለትም ውስጥ ያሉትን ትንንሽ የብረት መገናኛዎች፣ እርስ በርስ ያገናኛል። ከጽዳቱ በኋላም ለውጥ አልነበረም።

ቀጥሎ ያደረግሁት ከሁሉ በላይ ጠቀመኝ፦ ቻርጀሩንና ኬብሉን ለያይቶ በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ መቀየር። ሁለቱ አንድ ላይ ከተቀየሩ ጥፋቱ የየትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም። አብሮት የመጣው ኬብል አንዱ ጫፉ ሰፊው ዩኤስቢ-ኤ፣ ሌላው ዩኤስቢ-ሲ ነው። ያንን ኬብል ሰፊ ቀዳዳ ባለው የሌላ ስልክ አሮጌ ቻርጀር ላይ ስሰካው ጌሙ መሙላት ጀመረ። የራሱን ቻርጀር ሳልቀይር ኬብሉን ብቻ በሌላ ከኤ ወደ ሲ ኬብል ስቀይርም ሞላ። እምቢ የሚለው ኬብሉ በሁለቱም ጫፍ ሲ ሲሆን ብቻ ነበር። ነገሩ የኦርጅናልና የሌላ ድርጅት ቻርጀር ጉዳይ እንዳልሆነ እዚህ ላይ ለየ።

ከዚያ በቻርጀሩና በኬብሉ መካከል የሚሰካውን ትንሹን የዩኤስቢ መለኪያ አመጣሁ። ሰፊው ቀዳዳ ላይ ገና ጌሙ ሳይሰካ 5 ቮልት ያሳያል። ሲ ለሲ ሲሆን ግን ጌሙ ተሰክቶም መለኪያው አይበራም፤ ዜሮ ነው። ቻርጀሩ አነሰ፣ ደከመ የሚባል ነገር የለም። ጭራሽ ምንም አልላከም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ዩኤስቢ-ኤ ቀዳዳ ላይ 5 ቮልቱ ሁልጊዜ አለ፤ ማን እንደተሰካ አይጠይቅም። በዩኤስቢ-ሲ ግን የኬብሉ ሁለት ጫፎች አንድ ዓይነት ስለሆኑ ሰጪውና ተቀባዩ በቅርጽ አይለዩም። ስለዚህ ደንቡን የሚያከብር ቻርጀር ተቀባይ መኖሩን እስኪያረጋግጥ ድረስ ኃይል አይለቅም። የሚያረጋግጠውም ሲሲ በሚባለው መስመር ላይ ነው፦ በተቀባዩ ዕቃ ውስጥ ከዚህ መስመር ወደ ግራውንድ (ዜሮ ቮልት ወደሆነው መስመር) የተያያዘ 5.1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገድብ ትንሽ ክፍል፣ መኖር አለበት። መሰኪያው በየትኛውም በኩል ተገልብጦ ስለሚገባ ሲሲ1 እና ሲሲ2 የሚባሉ ሁለት ፒኖች አሉ፤ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሬዚስተር ያስፈልጋል። አንዳንድ ርካሽ ዕቃዎች ላይ እነዚህ ከሰሊጥ ፍሬ የማይበልጡ ሁለት ሬዚስተሮች ይቀራሉ። ዕቃው ከኤ ወደ ሲ ኬብል ጋር ስለሚሸጥ ጉድለቱ አይታይም።

ለማረጋገጥ የዩኤስቢ-ሲ ፒኖችን ወደ ውጭ የሚያወጣ ትንሽ ቦርድ ጌሙ ላይ ሰክቼ በቴስተር ለካሁ። ከሁለቱም ሲሲ ፒኖች ወደ ግራውንድ ምንም ንባብ የለም። በዩኤስቢ-ሲ በሚሞላው የጆሮ ማዳመጫዬ ላይ ግን 5.1 ኪሎ ኦም አካባቢ አነበበ። ንባቡ ብቻውን ግን አይበቃም። ሬዚስተሩ ቺፕ ውስጥ ያለባቸው ዕቃዎች አሉ፤ እነሱ ላይ ቴስተር ሊያሳስት ይችላል። እኔን ያሳመነኝ ልኬቱና የኬብሉ ሙከራ መገጣጠማቸው ነው።

መሰኪያውን ሲገለብጡት ብቻ የሚሞላ ዕቃ ካለ አንዱ የሲሲ መስመር እንደማይሠራ ጠቋሚ ነው። ጉድለቱ በርካሽ ዕቃ ብቻ የተወሰነም አይደለም። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ራስፕቤሪ ፓይ 4 የተባለው ትንሽ ኮምፒውተር ሁለቱ ሲሲ ፒኖች አንድ ሬዚስተር እንዲጋሩ ተደርጎ ነበር፤ በዚህ ምክንያት ውስጡ መለያ ቺፕ ባለው ኬብል ሲሰካ ቻርጀሩ የድምፅ ዕቃ የተሰካ ይመስለውና ኃይል አይሰጥም ነበር። አምራቾቹ ራሳቸው አምነው በኋላ አስተካክለውታል።

«ትልቅ ዋት ያለው ቻርጀር ትንሽ ዕቃ ያቃጥላል» የሚለው ፍርሃት ግን መነሻ የለውም። 65 ዋት ቻርጀር ትንሽ ዕቃ ላይ 65 ዋት አይገፋም፤ ዕቃው የሚፈልገውን ብቻ ይስባል። ከ5 ቮልት በላይ፣ ማለትም 9፣ 15 ወይም 20 ቮልት፣ የሚመጣው ዕቃው ራሱ ሲጠይቅ ነው። ቻርጅ ጀምሮ የሚያቋርጥ ከሆነ ደግሞ ሌላ ችግር ነው፦ ፓወር ባንክ የሚሳበው ኃይል ሲያንስበት ራሱን ያጠፋል፤ ብዙ ቀዳዳ ያለው ቻርጀርም አዲስ ነገር ሲሰካበት ኃይሉን እንደገና ሲያከፋፍል ለአፍታ ሊያቋርጥ ይችላል።

እኔ የመረጥኩት መፍትሔ ከሲ ወደ ኤ የምትቀይረውን ትንሽ አዳፕተር ነው፤ ፍላሽ ከስልክ ጋር ለማገናኘት የምንጠቀምባት ናት። በደንቡ የተሠራች ከሆነች ያ 5.1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ውስጧ አለ። አዲሱ ሲ ቻርጀር ላይ እሷን፣ እሷ ላይ ከኤ ወደ ሲ ኬብሉን ስሰካ ቻርጀሩ ተቀባይ አገኘሁ ብሎ 5 ቮልት ለቀቀ፤ ጌሙም መሙላት ጀመረ። ሬዚስተሮቹን ቦርዱ ላይ መበየድም ይቻላል፤ እያንዳንዱ ሲሲ ለብቻው ወደ ግራውንድ፣ ሁለቱ ሳይገናኙ። ፒኖቹ በግማሽ ሚሊ ሜትር ርቀት የተደረደሩ ስለሆኑና ሊቲየም ባትሪው ከጎናቸው ስላለ እኔ አልነካሁትም። የሚሞክር ሰው መጀመሪያ ባትሪውን ይንቀል። አጥብቄ የምከለክለው ቻርጀሩን አስገድደው 9 ወይም 12 ቮልት የሚያስወጡ ኬብሎችን ነው። ለ5 ቮልት የተሠራን ዕቃ ሊያቃጥሉ ይችላሉ።

አሁን በዩኤስቢ-ሲ የሚሞላ አዲስ ዕቃ ሲገባ መመለሻ ጊዜው ሳያልፍ በሁለቱም ጫፍ ሲ በሆነ ኬብል፣ መሰኪያውን እየገለበጥኩ እሞክረዋለሁ። ካልሞላ እመልሰዋለሁ።