ጥያቄው ሳያልቅ መልሱ አለቀ፦ አጭር መጠየቅን የመማር የሁለት ወር ልምምዴ

ይህን ልምምድ የጀመርኩት ከንዴት ተነሥቼ ነው። በቴሌቪዥን ዜና ላይ ጠያቂው «እንግዲህ እንደሚታወቀው» ብሎ ከጀመረ ነገሩን ከሥር መሠረቱ ያብራራል፣ የዚህንም የዚያንም ወገን አስተያየት ይዘረዝራል፣ የራሱንም ግምት ጣል ያደርግበታል፤ ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ «ከዚህ አንፃር እርስዎ እንዴት ያዩታል?» ሲል እንግዳው ከየቱ እንደሚጀምር ግራ ይገባዋል። አንድ ምሽት ከመናደድ ልቁጠረው ብዬ የስልኬን ሰዓት መቁጠሪያ ከፈትኩ። የመጀመሪያው ጥያቄ 52 ሰከንድ ፈጀ። መልሱ «አዎ፣ እርስዎ እንዳሉት ነው» የሚል ሲሆን 4 ሰከንድ እንኳን አልሞላም።

በትርፍ ጊዜዬ የአረጋውያንን የሕይወት ታሪክ በድምፅ እየቀዳሁ ስለማስቀምጥ ጉዳዩ የእኔም ነበር። ለሁለት ሳምንት ያህል በየምሽቱ የሰማኋቸውን ጥያቄዎች በደብተር መዘገብኩ፤ ስንት ሰከንድ እንደፈጁ፣ በውስጣቸው ስንት ጥያቄ እንዳለ፣ እንግዳው የትኛውን እንደመለሰ። ሦስት ጥያቄ ተደራርቦ ሲቀርብለት እንግዳው አብዛኛውን ጊዜ የሚመልሰው የመጨረሻውን ወይም የቀለለውን ነው፤ ከባዱን ግን ማንም ሳያስተውል ያልፈዋል። ካናዳዊው የቃለ መጠይቅ አሠልጣኝ ጆን ሳዋትስኪ ለጋዜጠኞች ሲያስተምር የኖረውም ይህንኑ ነው፤ ጥያቄ አጭርና ክፍት ይሁን፣ አንድ በአንድ ይቅረብ፣ የጠያቂው አስተያየት አይታከልበት። አስተያየት ከታከለበት እንግዳው ጥያቄውን ትቶ ከአስተያየቱ ጋር ይከራከራል።

በአማርኛ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። ግሡ ዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ስለሚቀመጥ፣ «ወይ» ወይም «እንዴት» እስኪሰማ ድረስ አድማጩ የሚጠየቀው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ሐተታውን ሁሉ በጭንቅላቱ ተሸክሞ መቆየት ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ መረጃውን ለብቻው በአንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ተናግሬ አራት ነጥቡ ጋ መቆምን፣ ከዚያ በኋላ ብቻ መጠየቅን ተለማመድኩ። ይህ ቀላል ይመስላል፤ አፍ ለምዶት እስኪመጣ ግን ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ለፍትሐዊነት ያህል፣ ጥፋቱ ሁሉ የጠያቂው አይደለም። ተመልካቹ የነገሩን መነሻ ማወቅ አለበት፤ ይህ ግን እንግዳው ሰላም ከመባሉ በፊት በመግቢያው ሊነገር ይችላል። እንግዳው በሳተላይት ሲቀርብ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ስለሚገኝ፣ ድምፁ ለመድረስ ሩብ ሰከንድ ገደማ፣ መልሱም ለመመለስ ያንኑ ያህል ይወስዳል። በተራ ጨዋታ በሁለት ተናጋሪዎች መካከል ያለው ክፍተት በአማካይ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ገደማ ስለሆነ፣ ያቺ ግማሽ ሰከንድ ጠያቂውን ታስጨንቀዋለች፤ አልተሰማሁም ብሎ ሌላ ዐረፍተ ነገር ሲጨምር ሁለቱ እኩል ይናገራሉ።

በአራተኛው ሳምንት የራሴን ቅጂ ቃል በቃል ጻፍኩ። እፍረቱን ከእናንተ ለመደበቅ አልፈልግም። አንዲት እናትን እንዲህ ብዬ ጠይቄያቸው ኖሯል፦ «ያኔ መቼም ጊዜው ከባድ ነበር፣ ሥራም እንደ ልብ አይገኝም፣ ያን ሁሉ ጥለው ለመሄድ ሲወስኑ ፈርተው ነበር ወይስ ወጣትነትም ስለሆነ ብዙም አላሰቡበትም? ቤተሰብስ ምን አለ?» እሳቸውም «ቤተሰብ ምንም አላለም» ብለው ዝም አሉ። በቴሌቪዥን ስወቅሰው የነበረው ሰው እኔው ነበርኩ።

ተመልሼ ሄጄ ጥያቄውን በታተንኩት። «ለመሄድ የወሰኑት መቼ ነው?» አልኳቸው፤ ቀኑን ነገሩኝ። «የዚያን ዕለት ምን ሲሠሩ ነበር?» ስላቸው፣ ልብስ አጥበው አስጥተው እንደነበር፣ እርጥቡን ከገመዱ ላይ ሳያነሡ እንደወጡ፣ እስከ ዛሬም ያቺን አንሶላ ማን እንዳስገባት እንደሚያስቡ አወጉኝ። «ፈርተው ነበር ወይ?» ብሎ መጠየቅ አላስፈለገም።

አጭር ጥያቄ ለስላሳ ጥያቄ ማለት እንዳልሆነም ልብ በሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 የቢቢሲው ጋዜጠኛ ጄረሚ ፓክስማን ማይክል ሃዋርድን፣ የብሪታንያ አገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ የወህኒ ቤቶችን ኃላፊ ውሳኔ እሽራለሁ ብለው አስፈራርተው እንደሆነ አሥራ ሁለት ጊዜ ያህል ደጋግሞ ጠይቋቸዋል። ጥያቄው ጥቂት ቃላት ብቻ ስለነበረው መሸሸጊያ ጥግ አልነበረውም፤ ሚኒስትር የነበሩት ሰው እንዳልመለሱ ተመልካቹ በግልጽ አየ። የ52 ሰከንዱ ጥያቄ ቢሆን ኖሮ ማምለጫው ብዙ ነበር።

አሁን ያለሁበት ደረጃ ይህን ይመስላል። በመጨረሻው ቅጂ ረጅሙ ጥያቄዬ 11 ሰከንድ ነው። ከእያንዳንዱ መልስ በኋላ «እሺ፣ በጣም ጥሩ» የማለት አመሌ ግን አልለቀቀኝም፤ የሰውየው ቃል መጨረሻ በእኔ ድምፅ ይሸፈናል። ለዚህ መድኃኒት ያደረግሁት ዝምታን ነው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ በድ ሮው፣ መምህራን ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ገደማ ብቻ እንደሆነ፣ ወደ ሦስት ሰከንድ ሲያራዝሙት ግን የተማሪዎቹ መልስ እንደሚረዝም አሳይታለች። እኔም ከጠረጴዛው ሥር በጣቴ እየቆጠርኩ ሦስት ሰከንድ እጠብቃለሁ። ባለፈው ሳምንት ቆጠራው ትንሽ ሳይረዝምብኝ አልቀረም፤ እኚያው እናት ፊቴን አየት አድርገው «ምነው ልጄ፣ ጥያቄ አለቀብህ እንዴ?» አሉኝ።