ኤሲው ውሃ ሲያንጠባጥብ፦ ጋዝ ከማስሞላታችሁ በፊት

አዳማ ላይ ኤሲ ያለ ፋታ የሚሠራው ከየካቲት ጀምሮ ባለው ሙቀት ነው፤ ችግሩ የሚጋለጠው ግን ብዙ ጊዜ ክረምቱ ሲገባ ነው። በደረቁ ወራት ከማሽኑ የሚወጣው ውሃ ጥቂት ነው። ነፋሱ የሚያመጣው አቧራ ከዚያች ውሃ ጋር ተለውሶ ማፍሰሻው ጎማ ውስጥ ይጋገራል። ሐምሌ ላይ አየሩ እርጥበት ሲይዝ 12,000 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ) ኤሲ በሰዓት አንድ ሊትር ያህል ውሃ ሊያወጣ ይችላል። መውጫው ተዘግቶ ስለሚጠብቀው ጠብታውን ከሥር የሚቀበለው ገንዳ ይሞላና ውሃው በግድግዳው ላይ ይወርዳል።

መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉና የፊት ክዳኑን ክፈቱ። ፊልተሩን አውጥታችሁ ለብ ባለ ውሃ እጠቡት፤ ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ከጀርባው ያለው የመዳብ ጥቅልል ላይ በረዶ ካለ በቢላዋ እንዳትነኩት፣ ቱቦው በቀላሉ ይበሳል። ጠፍቶ ይቆይና በራሱ ይቅለጥ።

ከዚያ ግማሽ ሊትር ውሃ በሃይላንድ ይዛችሁ ጥቅልሉ ላይ ቀስ እያላችሁ አፍስሱ። የኤሌክትሪክ ሰሌዳው አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ በኩል ስለሆነ ወደ ግራ ጠጋ በሉ። ውጭ ባለው የጎማው ጫፍ ወዲያው መውረድ አለበት። ካልወረደ ወይም ጠብ ጠብ ብቻ ካለ ተዘግቷል ማለት ነው። ውሃ የሚስብ ቫኪዩም ጫፉ ላይ ገጥማችሁ፣ ዙሪያውን በጨርቅ አጥብቃችሁ ለአንድ ደቂቃ ያህል ሳቡት። ከውጭ በኮምፕረሰር አየር መንፋትን አልመክርም፤ ጭቃውን ወደ ገንዳው ይመልሰዋል፣ ውስጥ ያለውን መጋጠሚያም ሊያላቅቀው ይችላል። በረኪናም ጥቅልሉ ላይ አታፍስሱ፤ የጥቅልሉን የአሉሚኒየም ክንፎች ይበላቸዋል።

ጎማው ንጹሕ ሆኖም የሚያንጠባጥብ ከሆነ አገጣጠሙን ተመልከቱ። ጎማው በአንድ ሜትር ቢያንስ አንድ ሴንቲ ሜትር መውረድ አለበት፤ መሐል ላይ ወደ ላይ ከተቆለመመ ውሃው እዚያ ይቆማል። ጫፉን ጄሪካን ውስጥ ከትቶ ውሃውን ማጠራቀም ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ጫፉ ውሃው ውስጥ ከተነከረ ግን ጎማው ውስጥ የታሰረው አየር መውጫ ያጣና ፍሰቱን ያግደዋል። የውስጡ አካል ላይ ውሃ ልክ አስቀምጡ፤ ከማፍሰሻው በተቃራኒ ያዘነበለ ከሆነ መስቀያው ይስተካከል። ጠብታው የሚመጣው ግድግዳው ከተበሳበት ቀዳዳ አካባቢ ከሆነ ደግሞ ቱቦው የለበሰው ስፖንጅ ተቀዶ ላብ እያወጣ ሊሆን ስለሚችል አልብሱት፤ ቀዳዳውንም ድፈኑ።

በአዳማ አቧራ ፊልተሩን በሙቀቱ ወራት በየሁለት ሳምንቱ ማጠብ፣ ጎማውን ደግሞ ሰኔ ላይ በውሃ መፈተሽ ይበቃል።

ፊልተሩ ንጹሕ ሆኖ በረዶው ከተመለሰ የማቀዝቀዣው ጋዝ ማነሱ በጣም ያጠራጥራል። እዚህ ላይ ገንዘባችሁን ጠብቁ። ጋዝ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም፤ ካነሰ ወይ ሲገጠም አልሞላም፣ ወይ የሚያሾልክ ቀዳዳ አለ። ባለሙያው ከመሙላቱ በፊት የቱቦዎቹን መጋጠሚያዎች በሳሙና አረፋ ይፈትሽ፤ ዘይት ያወረዛ ቦታ ካለ ከዚያ ይጀምር። ጋዙ አር-410ኤ (የሁለት ጋዞች ቅልቅል የሆነ ዓይነት) ከሆነ የቀረውን በማሽን ስቦ ያውጣ፣ መስመሩን በቫኪዩም ፓምፕ ያድርቅ፣ ከዚያ ማሽኑ ላይ በተለጠፈው የግራም መጠን በሚዛን ይሙላ።